ለብቻው ይታሸግ

አለበልን በመጀመሪያ ጠልቼው ነበር። ምን ይደበቃል።

ፍኖተ ሰላም ላለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ሊኑክስ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ለሚሠሩ አሮጌ ኮምፒውተሮቹ፣ ሁለት ዓመት ለፍቼ ሦስት ፕሮግራሞች ሠራሁ፦ መዝገበ ቃላት፣ የንባብ መለማመጃና የፈተና መለማመጃ። ማንም ሰው በነፃ እንዲጭናቸው ብዬ ወደ ሊኑክሱ አዘጋጆች ላክኋቸው። እዚያ በበጎ ፈቃድ የሚመረምረው ቡሬ የሚኖር አለበል የሚባል ልጅ ሆኖ ተገኘ። መልሱ አጭር ነበር፦ «ግሩም ሥራ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ የሚያነበው ላይብረሪ ግን በሦስቱም ውስጥ ተደግሟል። ከፕሮግራሞቹ ወጥቶ እንደ አንድ ጥቅል ለብቻው ይታሸግ።»

ደሜ ፈላ። ያ ላይብረሪ ሦስቱም የሚሠሩበት የጋራ ኮድ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የደከምኩት እሱ ላይ ነው። ለብቻው ወጥቶ ማንም ከተጠቀመበት ስሜን ማን ያስታውሰዋል?

«ሥራዬን ልትነጥቀኝ ነው?» ብዬ ጻፍኩለት። ሌባም አልኩት።

«አይደለም» አለ። እኔም ነገሩን ተውኩት።

ግንቦት ላይ መምህራኑ ፕሮግራሞቹን ሊያዩልኝ ተሰበሰቡ። መዝገበ ቃላቱ ረጅም ጽሑፍ ሲገባበት ይዘጋ ስለነበር በእሱ ውስጥ ያለውን ላይብረሪ አርሜው ነበር። በፈተና መለማመጃው ውስጥ ያለውን ቅጂ ግን ረስቼው ነበር። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ፍሬሕይወት የፈተናውን ረጅም ምንባብ ሲከፍቱት ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

«የኔ ልጅ፣ እስከ ዓርብ ካልሆነልሽ ሌላ እንፈልጋለን» አሉኝ።

እያፈርኩ ለአለበል ደወልኩ። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ መጣ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ።

«ነግሬሽ ነበር አትለኝም?»

«ብልሽ ምን ይጠቅምሻል?» አለና ላፕቶፑን ከፈተ። «ለአንድ ቀበሌ አንድ ወፍጮ ይበቃል። በየቤቱ ከተተከለማ ብልሽቱም በየቤቱ ነው።»

«አዲሱ ላይብረሪ የድሮውን ፕሮግራም ቢያበላሽስ?»

«ለዚህ እኮ ነው የጥቅሉ ስም ላይ የእትም ቁጥር የሚጻፈው። አንደኛውና ሁለተኛው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣም።»

እንዲህ ሲያስረዳኝ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ቶሎ ብሎ አቀረቀረ።

ከዚያ ላፕቶፑ ላይ የከፈተውን ፋይል አየሁት። ላይብረሪው ተለይቶ፣ ታሽጎ አልቋል። የተሠራው መጋቢት ላይ፣ ሌባ ባልኩት በሳምንቱ ነው። የባለቤት ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ያምሮት» ብሎ የእኔን ስም ጽፏል፤ የእሱ ስም የትም የለም።

«ሁለት ወር ሙሉ ለምን አልላክኸውም?»

«ያንቺ ነዋ። ሳትፈቅጂ እንዴት እልከዋለሁ?»

እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። በዚያች ደቂቃ ወደድኩት።

እስከ ሐሙስ አብረን ፈተሽነው። ዓርብ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ምንባቡን ከፈቱ፤ ምንም አልሆነም። በአንድ እርማት ሦስቱም ፕሮግራሞች ተስተካከሉ። ከስሜ ቀጥሎ የእሱን ስም ጻፍኩና ላክነው።

መናኸሪያ ስሸኘው ሁለት ሚኒባሶች ሞልተው ሄዱ፤ እሱ ግን አልተሳፈረም።

«ያምሮት… አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ብልክስ?» አለኝ መሬት መሬት እያየ።

«መቼ አሰብከው?»

«ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ።»

«እና እስክፈቅድልህ ዝም ብለህ ልትጠብቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እሁድ ይምጡ» አልኩት።