«ቁልፍ» ያለው ማን ነው?

ኤርካሎ ሞቶ የተገኘው በዐይነ ሥውራን ማኅበር ቢሮ ወለል ላይ ነው፤ ማጅራቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ፣ በሩም ከውጭ ተቆልፎበት። ዐይነ ሥውር ነበር፤ እልኸኛነቱን ግን ሶዶ ሁሉ ያይለት ነበር።

ኢንስፔክተር የማርያምወርቅ ደረጃውን ስትወጣ ፖሊሶቹ ፍርዱን ጨርሰው ጠበቋት። የሕንፃው ባለቤት ኑሪ፣ ከታች የሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ነጋዴ፣ እጁ በካቴና ታስሯል። ትርፉ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው፤ ክፍሉንም ለመጋዘን ፈልጎ ከሟች ጋር ተጨቃጭቋል።

«ተጣልተናል» አለ ኑሪ። «ከተከራዩ ያልተጣላ አከራይ ካለ ያምጡልኝና ልታሰር።»

የማኅበሩ ጸሐፊ ሰብለ ከግድግዳው ወዲያ ነው የምትሠራው። «ትናንት ማምሻውን ‹ቁልፍ… ቁልፍ… ቁልፍ› ሲል ሰማሁ» አለች። «ጋሽ ኑሪን የሚጠራ መስሎኝ፣ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ የጉኑኖ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ወጣሁ። ምነው እግሬን በሰበረው።»

«በአማርኛ ነው ያለው?»

«በአማርኛ።»

ነገሩ ለኢንስፔክተሯ አልተዋጠላትም። አማርኛ ለሶዶ ሰው የቢሮ ልብሱ ነው፤ የጨነቀው ዕለት ያወልቀዋል። ሞት ደጁ የቆመ ወላይታ እናቱን በእናቱ ቋንቋ ይጠራል እንጂ ቃል አይመርጥም።

ክፍሉን አየች። የሟች የራሱ ቁልፍ የለም። የላፕቶፑ ስክሪን ጨለማ ነው። ማዳመጫው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«ይሄ ሁልጊዜ እዚህ ነው?»

«ኧረ ከጆሮው አይለይም። ላፕቶፑ ጮክ ብሎ ስለሚያነብለት፣ እኔን እንዳይረብሸኝ ነው። የሚያወልቀው ለሰው ሊያሰማ ሲል ብቻ ነው።»

ቀጥሎ የተጠራው አሮን ነው፤ የማኅበሩን ድረገጽ እንደ አዲስ የሠራው ወጣት። «እኔ ትናንት አልመጣሁም» አለ ሳይጠየቅ። «ጋሽ ኤርካሎ ድረገጹን ወዶታል። ከተሠራ ጀምሮ አንድ እንከን አልወጣበትም። ዛሬ የማኅበሩ ጉባኤ ሲያጸድቀው ዞኑ ሞዴል ሊያደርገው ነው።»

«ወዶታል?» አለች ሰብለ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ባለ ዐይኗ እንኳ መግቢያው ጠፍቶኛል። የድሮው ሁሉም በስሙ የተጻፈ ነበር፤ አንተ ሥዕል ብቻ አደረግኸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ጋሼማ ‹ከቤቴ አስወጥተው በሩን ደበቁብኝ፤ ጉባኤው ፊት አሰማዋለሁ እንጂ አልቀበልም› ሲል ነው የከረመው።»

«ልምምድ ይፈልጋል» አለ አሮን።

ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም በላፕቶፑ ዙሪያ አቆመቻቸው። ከታች የጉባኤው አባላት ዘንጋቸውን እያንኳኩ መድረስ ጀምረዋል። ስክሪኑ እንደጨለመ አንድ ፊደል ደጋግማ ነካች።

«ቁልፍ» አለ ላፕቶፑ። «ቁልፍ… ቁልፍ…»

ሰብለ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ትናንት በዚያ በኩል የሰማሁት ይሄንኑ ድምፅ ነው።»

«ኤርካሎ አልጮኸም» አለች የማርያምወርቅ። «ሥዕሎቹ ስም ስለሌላቸው፣ ማሽኑ የሚያውቀው የሚጫን ቁልፍ መሆናቸውን ብቻ ነው። ማዳመጫውን ያወለቀው ለሰው ሊያሰማ ነው። ለማን?»

«አሁን እኮ በደንብ ያነባል፤ ይሞክሩት» አለ አሮን።

የፊተኛውን ሳትዘጋ ያንኑ ድረገጽ በጎኑ እንደ አዲስ ከፈተች። «ላክ… ፈልግ… ተመለስ…» አለ ማሽኑ።

«እውነትህን ነው። ትናንት የተከፈተው ‹ቁልፍ› ይላል፤ ዛሬ የተከፈተው ስም አለው። እንከን ካልነበረበት ሌሊቱን ምኑን ስታክም አደርክ? ሕያው ሰው ሲለምንህ ከርሞ እምቢ ያልከውን፣ ሬሳው ሳይገኝ ለማን ሠራህለት? የጸብህን ምክንያት ልትደብቅ ነው።»

አሮን ላፕቶፑን አየ።

«ክፍት መሆኑን ብታውቅ እሱንም በዘጋኸው ነበር። ጨለማ ስላየህ የጠፋ መሰለህ። ዐይነ ሥውር ለማን ብሎ ስክሪን ያበራል? ያስያዘህ ባለ ዐይንነትህ ነው።»

«ጉባኤ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር» አለ አሮን። «ገፋ አደረግሁት እንጂ…»

«ገፍተህ ቆልፈህበት ሄድክ። የሰውየውን ቁልፍ አምጣ።»

ከኪሱ አወጣው። የኑሪ ካቴና ወደ አሮን እጅ ተዛወረ።

ሰብለ ዕንባዋን እየጠረገች ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አለች የማርያምወርቅ። «ጉባኤውን ሊያሰማ ቃል ገብቶ የለም?»

ኑሪ የታሰረበትን አንጓ እያሸ ወደ ደረጃው ዞረ። «እንግዲያው በዚህ ትንፋሹ ማን ይሰማዋል? ትልቁን ድምፅ ማጉያ ላምጣ።»

ማጉያውን የክፍሉ መስኮት ላይ አስቀምጠው ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት። «ቁልፍ… ቁልፍ… ቁልፍ…» አለ ኤርካሎ ትቶት የሄደው ማሽን፣ ለመንገዱ ሁሉ። ከታች የዘንጎቹ ኳኳታ ቀጥ አለ።

«ሰምተናል፣ ኤርካሎ» አለ አንድ ሽማግሌ ወደ ላይ አንጋጦ። «እኛም አንቀበልም።»