ገጹ ላይ የተጻፈው ስም

«ኧረ በናትሽ! ኮዱን እንዳለ ዘረገፈው» አለ አብነት ከኋላዋ ቆሞ።

በእምነት ገጹን እንደገና ከፈተችው። ሁለቱ አብረው የሠሩት መዝገበ ቃላት ነው፤ የአማርኛ ቃል ሲጽፉለት በካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ትርጉሙን ይሰጥ ነበር። አሁን ግን የትምህርት ቤቱ ሰርቨር ኮዱን ማስኬድ ትቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ደርድሮታል። ቲቸር ሰብሃት ወደ ጎንደር ተቀይረዋል። ሽኝታቸው ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ስጦታቸው ደግሞ ይህ ገጽ። እዚህ ቦንጋ ሲያስተምሩ በካፊኖኖ ሰላምታ ለመስጠት በሞከሩ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳ ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

«መብራት ነው» አለ አብነት። «ትናንት ከሰዓት ድርግም ብሎ ሲመለስ ነው ያበላሸው።»

ትናንት ከሰዓት በእምነት ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ነበር። የኤሌክትሪክ ወፍጮው ለአፍታ እንኳ አልቆመም። የሰርቨሩን ሴቲንግ ከፈተች። ኮዱን የሚያስኬደውን ፒኤችፒን የሚጠራው መስመር ፊት የ# ምልክት ገብቷል። ያ ምልክት ያለበትን መስመር ሰርቨሩ እንዳልተጻፈ ቆጥሮ ያልፈዋል። መብራት ደግሞ ምልክት አይጽፍም።

ፊቷ ጋለ። ለቲቸር ልትነግርበት እያሰበች ወደ ገጹ ስትመለስ፣ ከተዘረገፈው ኮድ መካከል እሷ ያልጻፈችው መስመር አየች፤ «አዘጋጅ፦ በእምነት ከፈለኝ»።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አብነት ጆሮውን አከከ። «ሰርፕራይዝ ነበር። ስምሽን ስጽፈው ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነብኝ። ሴቲንጉን ነካካሁ፣ ነካካሁ... ፊደሉ ተስተካከለ፣ ገጹ ሄደ። ሙድ አትያዢብኝ።»

«እኔ እኮ ትናንት ወፍጮ ቤት ነበርኩ።»

«ውይ» አለ፤ አንገቱን ደፋ።

በሩ ተንኳኳ። «ልጆች፣ ተበላሸ አሉኝ። ምን ሆኖ ነው?» አሉ ቲቸር ሰብሃት ከውጭ።

አብነት በእምነትን አያት። «መብራት» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላለችም። ተነስታ ወንበሩን ወደ እሱ ገፋችለት።

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለ አብነት። «ነካክቼው ነው። አሁን አስተካክለዋለሁ።»

ተቀምጦ ምልክቷን አጠፋ፤ ሰርቨሩን ሪስታርት አደረገ። ኮዱ ጠፍቶ የቃል መፈለጊያው ሳጥን ብቅ አለ፤ ከላዩም የበእምነት ስም ብቻውን።

«ልግባ?» አሉ ቲቸር።

«ትንሽ ይጠብቁን» አለች በእምነት። ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና ኮዱን ከፍታ፣ ከስሟ ቀጥሎ «እና» ብላ ጻፈች።