እስከ ዘጠኝ ሰዓት

«ሔሊና! አልጀመርሽውም እኮ!»

ኮች ናንሱቡጋ የሚኒባሱ በር ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። የካምፓላዋ ዋንዴገያ ሰፈር ገና እንቅልፍ ላይ ናት፤ የነቃው እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልሎ የሚሸጠው የሮሌክስ ሻጩ መጥበሻ ብቻ ነው። እንቁላሉ ይንጫጫል፣ ቻፓቲው ይገለበጣል፣ ልጆቹ ሁሉ በወረቀት የተጠቀለለውን ሮሌክስ እየገመጡ ነው። ሔሊና ብቻ የራሷን እንደ ሻማ አቁማ ይዛዋለች።

«እየበላሁ ነው፣ ኮች» አለች በእንግሊዝኛ።

«ሲገባ ላየው። ተራራ ላይ በባዶ ሆዱ ጎልፍ የሚጫወትብኝ ልጅ የለም።»

ኮች ቀልደኛ ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ግን አይቀልዱም። ባለፈው ጉዞ አንድ ልጅ ቁርሱን ዘሎ አቀበቱ መሃል ተዝለፍልፎ ወድቆባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጋቸው አጭር ነው፦ ያልበላ አይጫወትም።

ኮች ሹፌሩን ሊያናግሩ ዞር ሲሉ፣ ጎኗ የቆመችው ሙህሲና ሮሌክሱን ከሔሊና እጅ መንጭቃ ወሰደች። በሦስት ጉርሻ ግማሹን ጨረሰችው፣ የቀረውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ጨረሰች፣ ኮች!» ብላ ጮኸች አፏ ሞልቶ። «ይቺ ልጅ እኮ ጅብ ናት!»

ሔሊና ቶሎ ብላ መኪናው ውስጥ ገባች።

ከተማውን ለቀው የማቶኬ ሙዝ ተክሉ ግራና ቀኝ ሲጀምር ሙህሲና ጠጋ አለቻት። ሁለቱ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ሙህሲና አዲስ አበባ ተወልዳ ካምፓላ ያደገች ኤርትራዊት ናት፤ አባቷ ኪኩቦ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው።

«በይ ተንፍሺ። ፍልሰታ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንቁላል አይበላም። ባዶ ቻፓቲ ብትበይ ምን ነበረበት?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልበላም።»

«ውሃስ?»

«ውሃም።»

«ወላሂ አብደሻል! እኔ በረመዳን የምወጣው ተራራ አልጋዬን ብቻ ነው።»

ሔሊና ሳቀች። ከዚያ ግን ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገር፣ መስኮት መስኮቱን እያየች ነገረቻት።

ያለፈው ዓመት ክረምት፣ ካምፓላ በኮቪድ ተዘግታ መኪና ያለ ፈቃድ በማይንቀሳቀስበት ጊዜ፣ አባቷ አቶ ሥዩም ሆስፒታል ገብተው ነበር። ጎልፍ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እናቷ ወይዘሮ መሰረት ስልክ በጠራ ቁጥር መታጠቢያ ቤት ገብተው ውሃ ከፍተው ያለቅሳሉ፤ ልጅቷ እንዳትሰማ መሆኑ ነው። ልጅቷ ግን ትሰማለች። አንድ ቀን በሩ ሥር ተቀምጣ ተሳለች፦ «እመቤቴ ማርያም፣ አባዬን ካወጣሽልኝ ሦስት ፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም በአፌ አላስገባም።»

አባቷ ከስተው፣ ሰው ይዟቸው፣ ግን በእግራቸው ቤት ገቡ። የመጀመሪያው ፍልሰታ ቀላል ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ፣ ከተማው ዝግ፤ እስከ እኩለ ቀን ተኝታ ትነሳለች፣ ማንም አያውቅባትም። ሁለተኛው ግን ይኸው ከጎልፍ ጉዞው ጋር ገጠመ።

«እና ለእማማ መሰረት ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ልጅ ስለት አይሳልም ትለኛለቻ! አባዬ ደግሞ ከሰማ ራሱን ነው የሚወቅሰው።»

ሙህሲና የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍትና ትዘጋ ጀመር። ሔሊና ምክንያቱን አላጣችውም። የሚሄዱበት ውድድር የጥንድ ነው፤ ሁለት ልጆች አንድ ኳስ በየተራ ይመታሉ፣ አንዷ ከሌለች ሌላዋም የለችም። የሚያሸንፉት ጥንዶች ዓመቱን ሙሉ በነፃ ይሠለጥናሉ። የሙህሲና አባት ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል፦ ይህን ካሸነፈች እሰየው፣ ካልሆነ ከአሁን በኋላ በዕረፍት ጊዜ ሱቅ ነው የምትውለው።

«እሺ» አለች ሙህሲና በመጨረሻ። «አንቺ ጹሚ፣ እኔ እበላልሻለሁ። ቀላል ነው!»

ቀላል አልነበረም።

ተራራው ላይ ያለው የጎልፍ ሜዳ ሜዳ አይባልም፤ አቀበትና ቁልቁለት ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከሩቅ ያሉት ጫፎች ሳይቀሩ ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ደመናው ይወርድና ዝናቡ ይለቀዋል። በየቀኑ እንዲህ ነው። ስለዚህ ጠዋት መጫወት የማይፈልግ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ልምምድ ነበር። ቁርስ ላይ ሙህሲና የሁለት ሰው ገንፎ በላች፤ የሁለት ሰው ሻይም ጠጣች። ስድስተኛው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ አቀበቱ የዱላ ቦርሳ ለተሸከመ ልጅ ምሕረት አልነበረውም። የሔሊና ምላስ ከላንቃዋ ተጣብቋል። ዱላዋን አነሳች፣ ኳሱ ሁለት ሆነባት፣ የትኛውን እንደምትመታ ስትመርጥ ጉልበቷ ከዳት። ቁጭ አለች። ሣሩ እርጥብ ነበር።

ኮች ከታች እየሮጡ መጡ። «ምን ሆነች?»

«እግሯ ነው!» አለች ሙህሲና ሳታስብ። «ቁርጭምጭሚቷን ወለም አላት!»

ከዚያማ ጉድ ነው። ኮች በረዶ አስመጡ። ምንም ያልሆነውን እግር ጠቅልለው ጠቅልለው የጎመን ራስ አስመሰሉት። ሔሊና መጮህ ያለባት መቼ እንደሆነ ስላላወቀች አንዴ ዝም ስትል፣ አንዴ ያለቦታው «ኧረ!» ስትል ቆየች።

«ነገ ውድድሩ ላይ አትጫወቺም» አሉ ኮች። «ደሊና ትተካሻለች። ሙህሲና ከእሷ ጋር ትገባለች።»

ደሊና ጥሩ ተጫዋች ናት፤ ጥንዷ ወባ ይዟት ካምፓላ ስለቀረች ብቻዋን ነበረች። ሔሊና ሙህሲናን አየቻት። ሙህሲና መሬት መሬቱን ታያለች።

ክፍላቸው ሲገቡ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር ሔሊና ባቄላዋንና ፖሾ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ በልታ ነፍሷ ተመልሷል። ፋሻውን ፈትታ ወረወረችው።

«ልነግራቸው ነው።»

«ለማን? ለኮች? አበድሽ እንዴ! አንዴ ዋሽተናል፣ ከገባን በኋላ ምን ይባላል? ነገ ጠዋት እግሬ ዳነ በያቸው፣ አንዲት ብርጭቆ ውሃ ብቻ ጠጪ፣ ተጫወቺ። አንድ ቀን ነው! አላህ ችግርሽን አይረዳም?»

«ይረዳል። እኔ ግን አልጠጣም።»

«ምነው እንዲህ ግትር ሆንሽ?»

«አባዬ መተንፈስ አቅቶት ነበር፣ ሙሂ!» አለች ሔሊና፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። «አቅቶት ነበር። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የሰጠሁት። እሱንም ልቀንስ?»

ሙህሲና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ማኩረፏ ነው። ሔሊና ጃኬቷን ደርባ ወጣች።

ኮች ናንሱቡጋ በረንዳው ላይ ጫማቸውን ከጭቃ ሲያጸዱ አገኘቻቸው። ከሮሌክሱ ጀምራ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ውሸቱ የራሷ እንደሆነ፣ ሙህሲና ለእሷ ብላ እንደገባችበትም ጨምራ ተናገረች። ኮች ጫማቸውን አስቀመጡ። ተቆጥተዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል።

«ወድቀሽ ገደል ብትገቢ ለእናትሽ ምን ልል ነበር?»

«አጥፍቻለሁ፣ ኮች።»

«ሕጌ አይለወጥም። ላልበላ ልጅ ኳስ አልሰጥም።»

«አይለወጥ። እኔም እስከ ዘጠኝ አልበላም። ከዘጠኝ በኋላ ግን እዚሁ ፊትዎ እበላለሁ። የከሰዓቱን የመጨረሻ ተራ ይስጡኝ።»

ኮች ወደ ዝናቡ ተመለከቱ። «ያንን ተራ ማንም አይፈልገውም።»

«ለዚህ ነው የምለምነው። የሰው አልቀማም።»

ኮች ስልካቸውን አወጡ። «በመጀመሪያ አባትሽ ይስሙ።»

ሔሊና የፈራችው ይህንን ነበር። አባቷ ሲያነሱ በአማርኛ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሌላኛው ጫፍ ጭጭ አለ። መስመሩ የተቆረጠ መሰላት።

«አባዬ? አለህ?»

«አለሁ» አሉ አቶ ሥዩም። «ለእኔ ብለሽ ነው ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ነገር ይዘሽ የተቀመጥሽው?»

«ዓመት ሙሉ አይደለም፣ ፍልሰታ ሲሆን ብቻ ነው።»

«ስሚኝ የኔ እመቤት። ለንስሐ አባታችን አሁኑኑ እደውላለሁ፤ ይፈቱሻል፣ ገና ልጅ ነሽ። ነገ ጠዋት ቁርስሽን በልተሽ ተጫወቺ። እኔ እንደሆንኩ ይኸው ድኛለሁ።»

ከሁሉም የከበዳት ይህ ነበር። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላታል፤ እሺ ብትል ማንም አይፈርድባትም፣ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ባለበት ከሙህሲና ጋር ትጫወታለች። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እንደሚፈቱኝ አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች። «ግን አንተ ከመዳንህ በፊት ነው ቃሌን የሰጠሁት። ከዳንክ በኋላ ልተወው? አልፈልግም።»

አቶ ሥዩም፣ «እንግዲያው ነገ እኔም ቢሮ እስከ ዘጠኝ አልቀምስም» አሉ። «ዘጠኝ ሲል እደውልልሻለሁ። አብረን እንበላለን።»

ሔሊና እንባዋ መጣ። ስልኩን ለኮች መለሰችላቸው። ኮች ከአባቷ ጋር በእንግሊዝኛ ጥቂት ተነጋገሩና ዘጉ።

«የመጨረሻውን ተራ ሰጥቼሻለሁ» አሉ። «በልተሽ፣ ጠጥተሽ፣ ግማሽ ሰዓት አርፈሽ። ሙህሲናን ግን አላስገድዳትም። ጠዋት ከደሊና ጋር መግባት ትችላለች።»

«አዎ» አለች ሔሊና። «እኔም እንደዚያ ነው የምላት።»

አለቻትም። ሙህሲና ከብርድ ልብሱ ውስጥ «ሰማሁ» ብቻ አለች።

ጠዋት ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ ነበር። ሔሊና ሌሎቹ ሲሰለፉ አጥሩ ጋ ቆማ አየች። ኮች ስም ይጠራሉ። «ሙህሲናና ደሊና!» ሲሉ ደሊና ዱላዋን ይዛ ወጣች። ሙህሲና ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እኔ የከሰዓት ነኝ፣ ኮች።»

ሔሊና ሮጣ ሄደች። «ሙሂ፣ ሂጂ! ከደሊና ጋር ታሸንፊያለሽ። አባትሽን አስቢ!»

«አስቤአቸዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነው ያደርኩት፤ አንቺ ታንኮራፊያለሽ!» አለች ሙህሲና ኩርፊያዋ ሳይለቃት። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በረመዳን አንድም ቀን ፊቴ ውሃ ጠጥተሽ አታውቂም። በዚያ ሙቀት ከክፍል ወጥተሽ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተደብቀሽ ነበር የምትጠጪው። የማላውቅ መስሎሻል?»

ሔሊና አጠገቧ ተቀመጠች።

«በሉ እሺ» አለች ደሊና ዱላዋን ቦርሳዋ ውስጥ እየመለሰች። «እኔ እንግዲህ ጃንጥላ እይዝላችኋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሔሊና ኮች ፊት ማቶኬና ባቄላዋን ስትበላ አባቷ ደወሉ። «ጀመርሽ?» አሉ። አፋቸው ውስጥ ምግብ እንዳለ ያስታውቃል። «ጀመርኩ» አለች፤ የእሷም ሙሉ ነበር። ብዙ አላወሩም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ጠዋት የተጫወቱት ልጆች ሳይረጥቡ ሞቋቸው ከመስኮቱ ኋላ ያያሉ፤ ከመካከላቸው ጥሩ ውጤት ያመጡ ጥንዶች አሉ። መነሻው ላይ ኮች ናንሱቡጋ፣ ደሊና ከጃንጥላዋ ጋር፣ ሁለቱ ልጆችና ጭቃው ብቻ ቀሩ። የተራራው ጫፍ የለም፤ ደመና በልቶታል።

«ልብ ብላችሁ ስሙኝ» አሉ ኮች። «ጭጋጉ ከወረደ አስቆማችኋለሁ። ካልጨረሳችሁ ደግሞ ውጤት የለም፤ እንዳልተጫወታችሁ ይቆጠራል። አሁን መተው ትችላላችሁ፤ ማንም አይስቅባችሁም።»

ሔሊና ወደ ሙህሲና ዞረች። ሙህሲና የዝናብ ልብሷን ቆብ ከሂጃቧ በላይ አጥልቃ ገመዱን አገጯ ሥር እያሰረች ነው። አፍንጫዋ ብቻ ቀርቷል። «እኔን ምን ታይኛለሽ?» አለች። «የመጀመሪያው ምት የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ምቺዋ! በረደኝ!»

ሔሊና ጎንበስ ብላ ኳሱን አስቀመጠች። እጇን በሱሪዋ ጠረገች፤ ሱሪዋም እርጥብ ነበር። እግሯን አደላድላ ቆመች።

«እስኪያስቆሙን ድረስ እንጫወታለን፣ ኮች» አለችና መታች።

ኳሱ ደመናው ውስጥ ገባ። የት እንዳረፈ ማንም አላየም። ሁለቱ ቦርሳቸውን አንግበው ሊፈልጉት አቀበቱን ተያያዙት።