የባባኮቶ መቃብር

የደን ጠባቂው የዛፊሊታ ሬሳ ጅረቱ ዳር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። ዝንብ ወሮታል።

መርማሪዋ መቶ አለቃ ቮላሪ በጀልባ ስትደርስ፣ መንደርተኛው አዳኙን ቦቶን ከዛፍ ጋር አስሮ ወንዝ ሊከተው ይማከር ነበር። ቦቶ ሌመር፣ ማደን የተከለከለውን ጦጣ መሰል የዛፍ እንስሳ፣ አጥምዶ ይበላል፤ ሟቹ ሁለቴ አሳስሮታል።

«ሌመር በበላሁ ሰው ገደልክ ትሉኛላችሁ?» ይጮኻል ቦቶ።

«ምን ምርመራ ያስፈልጋል?» አለ የእንግዳ ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ አንድሪያሞራ፣ የዋና ከተማ ሰው ነው። «ነገ ትልቁን ሌመር፣ ባባኮቶን፣ ሊያዩ አሥራ ሁለት ቱሪስቶች ይመጡብኛል።»

ካፊያ ነበር። ወንዱ ሁሉ ላምባውን፣ የትከሻ ልብሱን፣ ተከናንቧል። አስጎብኚው ቬሎንጃራ ብቻ ራቁት ትከሻውን ይዞ ይንቀጠቀጣል።

«ላምባህስ?» አለችው ቮላሪ።

«ወንዝ ወሰደብኝ፣ እትዬ።»

ቮላሪ ከሬሳው ሃያ እርምጃ ራቅ ብላ፣ ከጎብኚዎች መንገድ አጠገብ፣ ግንድ ላይ የታሰረ ቁራጭ ገመድ አየች። ከግንዱ ሥር ትኩስ አፈር በድንጋይ ተከቧል።

«ቆፍሩ።»

ጥቁርና ነጭ፣ ጭራው እዚህ ግባ የማይባል ትልቅ ሌመር ወጣ። ባባኮቶ ነው። በላምባ ተገንዟል፤ ራሱ ወደ ምሥራቅ ነው። አንገቱን ገመድ ልጦታል።

ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ባባኮቶ ከታሰረ ምግብ አይበላም፤ ይሞታል። ይሄ ለቱሪስት ዓይን ታስሮ ሞተ። ዛፊሊታ ደረሰበት፣ ለመንግሥት እናገራለሁ አለ፣ ተመታ። ገዳዩ ግን እንስሳውን ሳይቀብር አልሄደም። ቦቶ ቢሆን ይጠብሰው ነበር።»

«በደንብ ነዋ!» አለ ቦቶ ከታሰረበት ዛፍ።

«ሥራ አስኪያጁ ወንዝ ይወረውረው ነበር። እንደ ሰው ገንዞ የሚቀብረው፣ ባባኮቶን አያቴ የሚል ጎሳ ነው። ከእናንተ ውስጥ የዚህ ጎሳ ሰው ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ቬሎንጃራ ላይ አረፈ። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እሰረው ተባልኩ። ካልሆነ ከሥራ ትወጣለህ ተባልኩ።»

«እኔ እንግዳ ሳያይ አይመለስ ነው ያልኩት» አለ አንድሪያሞራ። «ገመድ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።»

የሟች ሚስት ሱአ ወደ ቬሎንጃራ ቀረበች።

«ለእሱ ላምባህን አለበስከው። ባሌን ለዝንብ ተውከው።»

ቬሎንጃራ ሁለት እጁን ለማሰሪያ ዘረጋ። ይዘውት ሄዱ። ቦቶም ተፈታ።

አንድሪያሞራ ቦቶን ገለል አደረገው።

«ነገ አስጎብኚ የለኝም። ጫካውን ታውቀዋለህ አይደል?»

«እንደ ቤቴ፣ ጌታዬ።»

«ባባኮቶ በሕይወት መያዝስ?»

ቦቶ የታሰረበትን ገመድ ከመሬት አነሳና ክንዱ ላይ ይጠቀልል ጀመር።