እጄን የጫንኩበት የዘይት ቀዳዳ

የዚያን ቀን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ እኔ፣ መካኒኩ ልጄ ይበልጣል፣ ባለወፍጮው አያ ሞላ፣ ሽሮ ሊያስፈጩ መጥተው ሞተሩን ፈርሶ ያገኙት ጎረቤታችን እማማ የሺ። ሌላ ሰው አልነበረም፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ሰው ተጫውቶብሽ ነው» እንዳትሉኝ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፣ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «የሥራ ፈት ጨዋታ» ብዬ የምሄድ ሴት ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ እኔ የምፈራው መንገድ ነው።

ወፍጮው ከቡሬ ወደ ሽንዲ ስትሄዱ መንገድ ዳር ነው። የናፍጣ ሞተሩ ዘይት አልደርሰው ብሎ ውስጡ ስለነደደ ይበልጣል ፈታታው። በብረቱ ሆድ ዘይት የሚያልፍባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ፣ እነሱን በሽቦና በናፍጣ ያጥባል፣ ከዚያ በአንዱ ጫፍ በብስክሌቱ ፓምፕ ይነፋል፣ እኔ በሌላው ጫፍ መዳፌን እጭናለሁ። መብራት ስለሌለ ኮምፕሬሰር የለም፣ መሣሪያው የእኔ እጅ ነው።

«እማ፣ ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«ልጅ ወልደሽ ነፋስ ጠባቂ ሆንሽ!» አለኝ አያ ሞላ።

«አንተ ወፍጮህን ጠብቅ፣ ሽሮዬ ሳይፈጭ ጾሙ ሊፈታ ነው» አሉት እማማ የሺ፣ ሳቅን።

አንዱ ቀዳዳ ግን እምቢ አለ። ይበልጣል «ከቡሬ ጎሚስታው ዘንድ ትልቁን የእጅ ፓምፕ ተውሼ ልምጣ» አለ። ያን ሰሞን መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል።

«ይቅር፣ ነገ ትሄዳለህ» አልኩት።

«አቧራ እንዳይገባው እጅሽን ጫኚበት እማ፣ ሳታነሺው እደርሳለሁ» ብሎ በብስክሌቱ ሄደ።

ጫንኩ። መጀመሪያ ውስጡ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማሁ፣ የቀረ ናፍጣ ነው አልኩ። ቆየት ብሎ መዳፌን ሞቅ አደረገኝ። ፓምፑ ወልቆ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ በዚያኛው ጫፍ ማንም የለም፣ ነፋሱ ግን ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ልክ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ፣ ልጅ ያሳደገ መዳፍ ደግሞ ትንፋሽ አይስትም። አያ ሞላ ነክቶት «ብረቱን ፀሐይ መትቶት ነው» አለኝ። እማማ የሺ ግን ጣታቸውን አስጠግተው ወዲያው አነሱና አማተቡ።

እጄን መልሼ ስጭን ከብረቱ ውስጥ «እማ» አለኝ። የይበልጣል ድምፅ ነው፣ ቀጠን ያለ፣ ከሩቅ የመጣ።

«አቤት ልጄ!»

እማማ የሺ ክንዴን ጨበጡት። «ምነው! ሦስቴ ሳይጠራሽ?»

በእኛ አገር የማይታይ ሲጠራ እስከ ሦስተኛው ዝም ይባላል፣ እኔም ለወጉ ያህል ልጆቼን አስተምሬያለሁ፣ ግን ልጅ ሲጠራ ማን ይቆጥራል? ነፋሱ እዚያው ላይ ቆመ።

ይበልጣል አልተመለሰም። መንገዱ ሲከፈት ቡሬ ሄጄ ጎሚስታውን ጠየቅኩት፣ «ፓምፑን ሰጥቼዋለሁ፣ ‹እናቴ እጇን ጭና እየጠበቀችኝ ነው› ብሎ ተጣድፎ ወጣ» አለኝ። ፍኖተ ሰላም ድረስ ጠይቄያለሁ፣ አየሁት የሚል የለም።

አሁን አያ ሞላ ሌላ መካኒክ አምጥቷል፣ ሰው እህል ማስፈጫ አጥቷልና አልፈርድበትም። መካኒኩ ያን ቀዳዳ ነፍቶ «ክፍት ነው፣ ምንም የለበትም» አለኝ። ሞተሩ እስኪገጠም ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ መዳፌን እጭናለሁ፣ ዛሬ ሞቅ ያለኝ መሰለኝ፣ እንጃ።

ልጄ ረጅም ነው፣ ጠይም፣ ግራ አውራ ጣቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው፣ ብስክሌትና ትልቅ ፓምፕ ይዟል። ይበልጣልን ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ ወሬውን ላኩብኝ።