የነገን ቀን ይዞ የቆመ ሰዓት

እኔ እንኳን በመንፈስ ላምን፣ ሰው ሕልም ሲፈታ የምስቅ ነበርኩ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝና ለእኔ የማይሠራ ነገር ሁሉ ወይ ሽቦው ተነቅሏል ወይ ሰው ነካክቶታል። የመንዙን ነገር ግን ሰምታችሁ ፍረዱኝ።

አምና ነው፣ መንዝ ውስጥ ላለ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት አዲስ ሰርቨር መጣለት፣ የሠራተኛውን ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል ይዞ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው እሱ ነው፣ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ግን አልገባ አሉ። ከደብረ ብርሃን ተጠርቼ ብሄድ ነገሩ አሳቀኝ፣ ሠራተኞቹ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል ኮምፒውተሩንም ሁለት ላይ ሞልተውታል፣ ሰርቨሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስምንት ይላል፣ ሰዓታቸው ካልገጠመ ደግሞ አያስገባም። እያስተካከልኩ ሁሉንም አስገባሁ፣ የድንበር ክርክር የሚመዘግቡት የጋሼ ጌታነህ ብቻ ቀረ።

የእሳቸውን ባስተካክለው፣ ባስተካክለው፣ ተመልሶ የነገውን ቀን፣ በእኛ ረፋድ አምስት ሰዓትን ይዞ ድርቅ ይላል። ባትሪውን ቀየርኩ፣ እመኑኝ፣ ባትሪ ሲሞት ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ ወደ ነገ አይሄድም። ጠጋ ስል ደግሞ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ውጭ እንጨት የሚፈልጥ አለ እንዴ?»

«መንዝ ላይ እንጨት ከየት መጥቶ ይፈለጣል ልጄ? እኛ የምናነደው ኩበት» ብለው ሳቁ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «አንድ ክርክር የተረታ ሰው እገልሃለሁ ብሎ ዝቶብኛል፣ ነገ ልቀር ነበር፣ ይሄ ሳይስተካከል እንዳትሄድብኝ ብዬ እመጣለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ ጉሙ ግቢውን ሸፍኖታል፣ ጋሼ ጌታነህ ቁጭ ብለው ስማቸውን ጻፉ፣ እኔ ከጀርባቸው ቆሜያለሁ። ልክ አምስት ሰዓት ሲል የቆመው ሰዓትና የሰርቨሩ ሰዓት ገጠሙ፣ ኮምፒውተሩም ሳያንገራግር ተከፈተ።

«ገባሁ» አሉ ደስ ብሏቸው።

በሩም ተከፈተ፣ የበግ ጠጉር ባና የለበሰ ሰው ገባና ከባናው ሥር ፋስ አወጣ። የመጀመሪያው ምት ትከሻቸው ላይ፣ ሁለተኛው አንገታቸው ላይ አረፈ፣ ወንበር ይዤ ብገባበት ክንዴን ሰነጠቀኝና ተመልሶ እሳቸው ላይ ወረደ፣ ዘበኞቹ ሲደርሱ ደማቸው በፊደል ቁልፎቹ መሀል ይንጠባጠብ ነበር። ድምፁ ያው ነው፣ ጧ፣ ጧ፣ ትናንትና የሰማሁት። እስካሁን ሥጋ ቤት በር ማለፍ አልችልም።

እንግዲህ ትናንት ማታ በእሳቸው ቦታ የተተካችው አስካለ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ አሮጌ ኮምፒውተር አልገባ አለኝ፣ ሰዓቱ የነገን አራት ሰዓት ይዞ ቆመ።»

«እህቴ፣ ገደል ክተቺው፣ ነገም ቢሮ እንዳትሄጂ» አልኳት።

«የመንግሥት ንብረት እንዴት ገደል ይከተታል? ደግሞ ነገ አራት ሰዓት ሲሆን ራሱ ይገጥም የለም እንዴ» ብላ ሳቀች።

ፖሊስ ጣቢያም ደወልኩ፣ ምን ብዬ ላስረዳቸው። ይሄን የማወራችሁ ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ ስልኳ ይጠራል፣ አታነሣም።