ማዬላ ተራራ ላይ የተደፈነው ክዳን

ጠበቃ ኦታቪዮ መካኒኩን ኔሬዮን የሰደበው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በጣሊያኗ ከተማ ሱልሞና አደባባይ መሐል ነው። «ያንተ እጅ የአህያ ኮቴ ይቸንክር እንጂ የኔን መኪና እንዳይነካ!» አለው። አደባባዩ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ጠፋ፤ የኔሬዮ ጋራዥ ተዘጋ።

ዘንድሮ የጠበቃው መካኒክ እግሩን ተሰብሮ ተኛ። የአሮጌ መኪኖች ውድድር ማዬላ ተራራን ሊያቋርጥ ነው፤ የጠበቃውን ቀይ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና አንጀቷ ድረስ የሚያውቅ ከኔሬዮ በቀር አልተገኘም። ኔሬዮ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መኪናዋ ውስጥ ከጠበቃው ጎን ገባ። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ያ አፍ «አጥፍቻለሁ» ሲል መስማት።

ዳገቱ ላይ በረዶ እንደ ጠጠር ይወግራቸው ጀመር። መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰችና ቀጥ አለች። ኔሬዮ ወርዶ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ፈታ። ታንኩ ውኃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው ሲጥ ብሎ አየር ሳበ። ወዲያው ገባው፤ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ቤንዚኑ ሲወጣ በቦታው አየር ስለማይገባ ሞተሩ ይራባል። የደፈነው ደግሞ ጠበቃው ራሱ ነው፤ ክዳኑ እንዲያብረቀርቅ ሳምንት ሙሉ ሲወለውልበት የሰነበተው ሰም!

ክዳኑን እንደተደፈነ መልሶ ገጠመው።

«ምን ሆና ነው?»

«እንጃ፣ ጌታዬ። ይግፉ።»

ጠበቃው በስስ ጫማው በረዶ እየረገጠ ገፋ። ታንኩ አየር አግኝቷልና ተነሣች፤ አራት ኪሎሜትር ሄዳ ደግሞ ቆመች። ኔሬዮ ክዳኑን ከፍቶ ዘጋ። «ይግፉ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ስትቆም ጥጃ የሚያካክሉ ነጫጭ የእረኛ ውሾች ከጉሙ ውስጥ ዘለው ወጡ። አንዱ የጠበቃውን ቀኝ እጅ ነክሶ ጎተተው። ኔሬዮ መፍቻውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ነው ውሻውን አፍንጫው ላይ ያቀመሰው።

ተፎካካሪያቸው ወይዘሮ ኢርማ በአረንጓዴ መኪናዋ ደረሰችና ቀስ አለች።

«ጠበቃ! ገፊ ሆንክ ደግሞ?»

«ኢርማ፣ እጄን! ጫኚኝ!»

«ደሙ ወንበሬን ያበላሽብኛል!» ጭቃ ረጭታበት አለፈች።

በረዶው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ጠበቃው ጎማውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ኔሬዮን «እርስዎ» ብሎት፣ እንደ ባለሙያም «ማስትሮ» ብሎ ጠርቶት አያውቅም ነበር።

«ማስትሮ… እዚሁ መሞታችን ነው። ያን ዕለት አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ኔሬዮ ሦስት ዓመት የጠበቀው ደስታ አልመጣም። ከሽቦ ብሩሹ አንዲት ክር ነቀለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ሰደዳት፤ የደረቀ ነጭ ሰም እየተፈረፈረ ወጣ። ክዳኑን በቤንዚን አጠበ፤ አፉን ገጥሞ ነፋበት። ትንፋሹ በወዲያ በኩል መዳፉን ነካው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጠበቃው የደማ እጁን ታቅፎ ያየዋል።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ አንዴም ሳትቆም ተራራውን ወርዳ የውድድሩ ማለቂያ አደባባይ ገባች። እዚያ የምትጠብቅ ነርስ የጠበቃውን እጅ አገላብጣ አየችው።

«ሁለቱ ጣቶች አይተርፉም» አለች።

እሱ ግን ዓይኑን ከኔሬዮ ላይ አልነቀለም።

«አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብህ፤ አምስት ደቂቃ! ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ኔሬዮ ዞረ። ኔሬዮ ቦርሳውን አነሣ፤ ሕዝቡን በትከሻው እየገፋ ወጣ።